ከአልፓካ ወደ መንዝ በግ፦ ሱሉልታ ላይ ጠባቂ ውሻ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ኮሎራዶ ላይ አልፓካዎቻችንን (ለፀጉራቸው የሚረቡ፣ የግመል ዘመድ የሆኑ እንስሳት) የሚጠብቁልን ሁለት ፒሬኒስ የሚባሉ መንጋ ጠባቂ ውሾች ናቸው። አሁን ጠቅልለን ልንገባ ነው፤ ሱሉልታ ግማሽ ሄክታር ላይ 20 የመንዝ በግ አስበናል። ያው አያያዝ ለጅብ ይሠራል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ለአገራችሁ አበቃችሁ። የመንዝ በግ ብርድ የለመደ፣ ፀጉሩም ለባና የሚፈተል ነው፤ ጥሩ መርጣችኋል። ግማሽ ሄክታር ግን 20 በግ ዓመቱን ሙሉ አይቀልብም፤ የድርቆሽና የፉርሽካ ወጪ ከወዲሁ ያዙ።

ጅብን እንደ ኮዮቴ፣ እንደ አሜሪካው ቀበሮ መሰል አውሬ፣ አትዩት። ጅቦች ተሰብስበው ከመጡ ውሻውንም ይበሉታል። የውሻው ድርሻ ቀድሞ ሸትቶ መጮህ ነው፤ ሌሊት በጎቹን ከጅብ የሚያድናቸው በረቱ ነው። የድንጋይ ግንብ ሁለት ሜትር ይድረስ፣ አናቱ ላይ እሾህ ይደረብበት። ጅብ ከሥር ስለሚቆፍር መሠረቱ ግማሽ ሜትር ይውረድ። የበሩ ሥር ጡጫ የሚያስገባ ክፍተት አይኑረው። ውሾቹም ከበጎቹ ጋር ውስጥ ይደሩ።

ለጥበቃ የምታሳድጉትን ቡችላ በስምንት ሳምንቱ አምጡትና ከሁለት ሦስት ረጋ ካሉ በጎች ጋር አኑሩት። እስከ 16 ሳምንቱ ያለው ጊዜ ካለፈ አይመለስም። በግ ሲያባርረው የሚሸሽበት፣ በግ የማያስገባ ቀዳዳ ይኑረው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው ምግቡን እዚያው በረት ውስጥ ስጡት፤ ሳሎን ያደገ ቡችላ የሚጠብቀው ሳሎኑን ነው። ከስድስት ወሩ በኋላ ግልገል እያሯሯጠ ጆሮ መንከስ ይጀምራል። ይህ ጨዋታ ነው፣ ግን ግልገል ይገድላል፤ ሰው አጠገቡ በሌለበት ሰዓት እሰሩት። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ብቻውን አትመኑት።

ሌላ መልስ፦ በዚህ ላይ የምጨምረው አዙሪትን፣ የበግን አንጎል የሚይዘውን በሽታ ነው፤ እሱን የሚያመጣው ራሱ ጠባቂው ውሻ ሊሆን ይችላል። ውሻ የታመመ በግ አንጎል ጥሬውን ሲበላ ኮሶ ትል አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፣ በጓ ትግጠዋለች፣ የትሉ እጭም አንጎሏ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ያኔ አንገቷን አዘንብላ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ትዞራለች፤ ከመንጋው ተነጥላ ግንባሯን ግድግዳ ላይ ደግፋ ትቆማለች። እየቆየ የራስ ቅሏ በጣት ሲጫኑት ይለሰልሳል። እዚህ ከደረሰች መድኃኒት አያድናትም።

መከላከያው ግን ርካሽ ነው። ለውሻው ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የኮሶ መድኃኒት በኪሎ አምስት ሚሊግራም በየስድስት ሳምንቱ ስጡ፤ 30 ኪሎ ለሚመዝን 150 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 50 ሚሊግራሙ ሦስት ፍሬ ነው። አይቨርሜክቲን የሚባለው ሌላው የትል መድኃኒት ኮሶን አይነካም፣ ብዙ ሰው ግን እሱን ሰጥቶ ይተኛል። ከሰጣችሁ በኋላ ሁለት ቀን አስራችሁ ዓይነ ምድሩን ቅበሩ። ሳንባና ጉበትም ቢሆን ግማሽ ሰዓት ሳይንተከተክ ለውሻ አይሰጥ፤ ከእነሱ የሚመጣው ሌላ ትል ሰውንም ይይዛል። የእብድ ውሻ ክትባት በሦስት ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ።

የሰፈሩ ውሾችም ግጦሻችሁ ላይ ስለሚጸዳዱ አጥሩን በደንብ አጥብቁ። በዓል ሲመጣ የበግ ጭንቅላት ለውሻ የሚወረውር ሰው አይጠፋም፤ ጭንቅላቱን የምትቀብሩበትን ጉድጓድ ከዋዜማው ቆፍራችሁ ጠብቁ።