የካውንስሊንግ ማስተርስ በቨርጂኒያ፦ ሰዓቱ እንዴት ይቆጠራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከአገር ቤት የሳይኮሎጂ ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው የአእምሮ ጤና ካውንስሊንግ ፈቃድ እስኪያገኝ ምን ይጠበቅበታል?

መልስ 1፦ መጀመሪያ ትራንስክሪፕቱን ያስገምግም። ማስተርሱ 60 ክሬዲት ነው፤ የካክሬፕ (የካውንስሊንግ ትምህርትን የሚመዝነው የአሜሪካ ተቋም) እውቅና ያለው ፕሮግራም ቢመርጥ ኋላ ከብዙ ጣጣ ይድናል። ፕራክቲከም (የመጀመሪያው የተግባር ልምምድ) 100 ሰዓት ሲሆን 40ው ከደንበኛ ጋር ነው። ኢንተርንሺፕ (ቀጥሎ ያለው ረጅሙ ልምምድ) ደግሞ 600፣ ከዚያ ውስጥ 240ው ከደንበኛ ጋር።

መልስ 2፦ ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው 240ው ላይ ነው። ማስታወሻ መጻፍና ስብሰባ ከ600ው እንጂ ከ240ው አይገባም። ደንበኛ ከቀረም ያ ሰዓት ባዶ ነው። በ30 ሳምንት ለመጨረስ በሳምንት 8 ሰዓት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 10 ወይም 11 ቀጠሮ ይያዝ። ሰዓቱን በየሳምንቱ ማስፈረም እንዳይረሳ!

መልስ 3፦ ከምረቃ በኋላ ፈቃድ ለማግኘት የ3,400 ሰዓት የሥራ ልምምድ አለ፤ 2,000ው ከደንበኛ ጋር፣ 200 ሰዓት ሱፐርቪዥን (ሥራችሁን ከሚከታተል ባለሙያ ጋር መገናኘት)። ፈቃድ ሰጪው የቨርጂኒያ የካውንስሊንግ ቦርድ ሳይፈቅድ የተሠራ ሰዓት አይቆጠርም፤ እባካችሁ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። በአማርኛ ለምታማክሩ ደግሞ፦ ደንበኛው «ሆዴ ባባ» ካለ ቃሉን እንዳለ ጻፉና ትርጉሙን ከሥሩ አስቀምጡ። አለዚያ ሱፐርቫይዘሩ የሆድ ሕመም አድርጎ ያነበዋል።