24 ሠርቶ 48 ማረፍ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ፋየርፋይተር ሆኖ ለሚቀጠር ሰው ስለ ደሞዙ፣ ስለ ዩኒየኑና ስለ ስቴሽኑ ማዕድ

እህተሚካኤል (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ሲፓቱን (የእሳት አደጋ ሠራተኞች የአካል ብቃት ፈተናውን) አልፎ ሰሜን ቨርጂኒያ ካለ አንድ ካውንቲ የፋየር ዲፓርትመንት የቅጥር ደብዳቤ ደርሶታል። ደሞዙ በዓመት 72,800 ዶላር፣ ሺፍቱ 24/48 ነው፤ ኦቨርታይም ደግሞ «በ27 ቀን ውስጥ ከ204 ሰዓት በላይ» ይላል። ሌላው ሠራተኛ ከ40 ሰዓት በኋላ ሲከፈለው እሱ ለምን 204 ይጠብቃል? ዩኒየኑን አሁኑኑ ይግባ ወይስ የሙከራ ዓመቱ ይለፍለት? አዲሶቹ ቦታዎች በፌደራል ግራንት የተከፈቱ ናቸው የሚል ወሬም ሰምቷል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ይቀንሱታል ማለት ነው? ሌላው ደግሞ ጿሚ ነው፤ እዚያ ሁሉም አብሮ ነው የሚበላው ይባላል። የምታውቁ ንገሩኝ።

ሺፍት_ቢ

እህቴ፣ ከሰዓቱ ልጀምር። የፌደራሉ የደሞዝና የሥራ ሰዓት ሕግ ለእሳት አደጋ ሠራተኛ ለብቻው የተቀመጠ አንቀጽ አለው፤ ሰዎቹ «ሰባት ኬ» ይሉታል። አሠሪው ከ7 እስከ 28 ቀን የሚደርስ ዑደት ይመርጥና ሰዓቱን በዚያ ይቆጥራል። ጣሪያው ለ7 ቀን 53፣ ለ14 ቀን 106፣ ለ27 ቀን 204፣ ለ28 ቀን 212 ሰዓት ነው። 27 የተመረጠው ያለ ነገር አይደለም፦ በ24/48 ሺፍት 27 ቀን ውስጥ ልክ 9 ሺፍት ይገባል፣ 9 ጊዜ 24 ደግሞ 216 ነው። ስለዚህ ወንድምሽ አንዲት ትርፍ ሺፍት ሳይሠራ በየዑደቱ 12 ሰዓት ኦቨርታይም አለው።

አሁን ብሩን እንየው። 72,800 ዶላር ለቢሮ ሠራተኛ 2,080 ሰዓት ቢካፈል በሰዓት 35 ዶላር ይመጣል። እሱ ግን በሳምንት በአማካይ 56፣ በዓመት 2,912 ሰዓት ነው የሚሠራው፤ የሰዓቱ ዋጋ 25 ዶላር ነው። በኦቨርታይም 37.50 ማለት ነው እንጂ 52.50 አይደለም። ሁለት ካውንቲ ሲያወዳድር የዓመቱን ደሞዝ ብቻ አይቶ እንዳይወስን፤ አንዱ 56 ሰዓት ሌላው 48 ሰዓት ካሠራ ተመሳሳይ ደሞዝ ተመሳሳይ አይደለም። በአንዳንድ ቦታ «ኬሊ ዴይ» የሚባል ነፃ ሺፍት አለ። በየ9ኛው ሺፍት ከተሰጠ ሳምንቱ ወደ 50 ሰዓት ግድም ይወርዳል፣ በየ7ኛው ከሆነ ልክ 48 ይሆናል። ስንተኛው ሺፍት ላይ እንደሆነ ይጠይቅ።

ከዚያ 12 ሰዓት ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ደሞዙ 216ቱንም ሰዓት እንደሚሸፍን ከተጻፈ የሚጨመርለት ግማሹ ብቻ ነው፤ 12 ጊዜ 12.50፣ በዑደት 150 ዶላር። ደግሞ በዚያ ዑደት አንድ ሺፍት ዓመት ፈቃድ ወይም ሕመም ፈቃድ ከወሰደ በፌደራሉ ሕግ ብቻ ቢታይ የሠራው 192 ሰዓት ስለሆነ 150ዋ ትጠፋ ነበር። ፌደራሉ ሕግ ፈቃድን እንደ ሥራ ሰዓት አይቆጥርም። የቨርጂኒያ ሕግ ግን ለእሳት አደጋ ሠራተኛ ደሞዝ የሚከፈልበትን ፈቃድ እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጥራል፣ ስለዚህ አትነካም። የደሞዝ ወረቀቱ ላይ እንዲህ መቆጠሩን ይመልከት።

ስለ እንቅልፍ የሚነገረውን አይስማ። ሺፍቱ 24 ሰዓት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የተኛበት ሰዓት ሊቀነስበት አይችልም። ከ24 ካለፈ ግን በስምምነት እስከ 8 ሰዓት ሊቀነስ ይችላል።

የበጀት_ሰው

የግራንቱ ወሬ ምናልባት «ሴፈር» የሚሉትን ነው፤ ፌማ (የፌደራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) ለፋየር ዲፓርትመንቶች ሰው መቅጠሪያ የሚሰጠው ገንዘብ። በተለመደው ቀመር 36 ወር ይቆያል፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ፌደራሉ 75 በመቶ፣ በሦስተኛው 35 በመቶ ይሸፍናል፤ ሌላው የካውንቲው ነው። ከ36 ወር በኋላ ሙሉው ወጪ ካውንቲው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቅነሳ ቢመጣ አደጋው የሚጎላው በሦስተኛው ዓመት መጨረሻና በአራተኛው በጀት ላይ ነው። ያኔም የሚቀነሰው «በግራንት የተቀጠረው» ተብሎ ተለይቶ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በቅጥር ቀን ቅደም ተከተል ነው፤ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል። አንድ ቀን የተቀጠሩ የአንድ አካዳሚ ልጆች እንዴት እንደሚለዩ ይጠይቅ፦ በአንዳንድ ቦታ በአካዳሚው ውጤት፣ በአንዳንድ ቦታ በዕጣ። በአካዳሚ ፈተና የተገኘች አንዲት ነጥብ ዓመታት ቆይታ ሺፍትና ዓመት ፈቃድ ሲመረጥም ዋጋ አላት።

ካውንቲው ሰው መቅጠርን ለምን እንደሚፈራ ሂሳቡ ይናገራል። የእሳት አደጋ መኪናው ላይ አንድ ወንበር ዓመቱን ሙሉ ሌት ተቀን እንዲያዝ 8,760 ሰዓት ያስፈልጋል። አንድ ሰው በወረቀት 2,912 ቢሠራም ዓመት ፈቃድ፣ ሕመም፣ ሥልጠናና ጉዳት ሲቀነስ በተግባር 2,300 ግድም የሚገኝ እንደሆነ እናስብ፤ ለአንድ ወንበር 3.8 ሰው ማለት ነው። አራት ሰው የሚጫንበት ኤንጅን (የእሳት አደጋ መኪና) 15 ሰው ይፈልጋል። ካውንቲው 13 ብቻ ቢቀጥር ጉድለቱ በኦቨርታይም ይሞላል፣ ፈቃደኛ ካልተገኘ ደግሞ ጠዋት ሊወጣ የነበረው ሰው በግዴታ ይያዛል። አዲስ ሰው ደግሞ የግዴታው ዝርዝር አናት ላይ ነው። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ላይ ከሚጠየቁት ሁሉ የሚበልጠው «አዲስ ሠራተኛ በወር ስንቴ በግዴታ ይያዛል?» የሚለው ነው።

ስለ ዩኒየኑ፦ ቨርጂኒያ እንደ ሜሪላንድ አይደለችም። የአካባቢ መንግሥታት ከሠራተኛ ማኅበር ጋር እንዳይደራደሩ ለብዙ ዘመን ተከልክለው ነበር። በ2020 የወጣው ሕግ ከሜይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ በራሳቸው ደንብ እንዲፈቅዱ በር ከፈተ። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስ በዚያው ዓመት ደንቡን አወጡ። ደንብ ያላወጣ ካውንቲ ውስጥ ዩኒየኑ ቢኖርም የሚፈርመው ውል የለውም። ደንብ ቢኖርም ሕጉ የምክር ቤቱን በጀት የማጽደቅ ሥልጣን እንዳይነካ ስለሚያዝ፣ የተስማሙበት ጭማሪ ገንዘብ ሆኖ የሚወጣው ያው ምክር ቤት ሲመድበው ነው። የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል፣ ዋናው ክርክር ጸደይ ላይ ነው። ያኔ ስብሰባው ላይ ዩኒየኑ ቲሸርት ለብሶ አዳራሹን ሲሞላ የሚታየው ለዚህ ነው። አድማ በቨርጂኒያ ሕግ ክልክል ነው፤ ያደመ ሰው ሥራውን እንደለቀቀ ይቆጠራል፣ ለ12 ወርም በቨርጂኒያ በየትኛውም የክልሉም ሆነ የአካባቢ መንግሥት መሥሪያ ቤት አይቀጠርም።

ይግባ ወይ? ከ2018 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ መዋጮ እንዲከፍል አይገደድም፤ የግል ውሳኔ ነው። በሙከራ ዓመት ላይ ያለ ሰው ቢሰናበት ዩኒየኑ ብዙ ላያደርግለት ይችላል፣ እውነት ነው። ግን የደሞዝ ስህተት፣ የጉዳት ካሳና በዲሲፕሊን ምርመራ የሚሰጥ ቃል የሙከራ ዓመት አይጠብቁም። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቀን እገባለሁ። ቅሬታ የሚቀርብበት ቀን በውሉ የተቆጠረ ነው፤ ደሞዙ ላይ የጎደለ ካለ በቃል ነግሮ አይተው፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ በጊዜው ያስገባ። ትእዛዝ አላግባብ መስሎ ከታየው ደግሞ አደጋ የሌለበት እስከሆነ ፈጽሞ በኋላ ቅሬታ ያቅርብ፤ እምቢ ማለት ራሱን የቻለ ጥፋት ይሆንበታል።

ቆብና_ጭንብል

የማዕዱን ነገር ለእኔ ተዉልኝ። አብሮ መብላት በደንብ የተጻፈ ግዴታ አይደለም፣ ግን ስቴሽን ውስጥ ሰው የሚመዘነው እዚያ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ጠዋት ተረኛው ወጥ ሠሪ ማን «ገባ» ማን «ወጣ» ብሎ ይቆጥራል፣ ግዢው ለገቡት ይካፈላል። ረቡዕና ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ከሆነ ግዢ ሳይወጣ በፊት ይናገር። እራት ላይ ሲቀርብለት «ይህን አልበላም» ማለት ነው ሰው የሚያስቀይመው። ከሁሉ የሚሻለው ተራውን ወስዶ መሥራት ነው። ምስር ወጥና ጎመን ለስድስት ሰው ከሥጋው ይረክሳል፣ እንጀራው ከቤት ፍሪዘር ይመጣል። በርበሬ ሲያቁላላ ግን መስኮት ይክፈት፤ የተዘጋ ወጥ ቤት ውስጥ ሙሉ ሺፍቱን ያስላል። ጥሪ ሲመጣ ጋዙ ወዲያው ይጠፋል፤ ብዙ ስቴሽን ላይ በራሱ ይዘጋል፣ ተመልሶ ግን በእጅ ነው የሚከፈተው።

ያለ ገበታው ደግሞ ጓደኝነት የሚጀምረው ጠዋት ነው። ሺፍቱ በፈረንጁ ሰዓት ጠዋት 7 ከሆነ 6፡15 ይድረስ፤ የሚወጣው ሰው የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ጥሪ ሳይመታበት ቤቱ ይገባል፣ ያንንም አይረሳም። የሰውየውን ልብስ ሳይነግረው ከኤንጅኑ ላይ አያንሳ። የአየር ሲሊንደሩን ይይ፦ ባለ 4,500 ፒ.ኤስ.አይ ከሆነ ከ4,050 በታች ወርዶ አይተወው፣ ይሙላ። ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲቀር የሚጮኸውን ማስጠንቀቂያም አስጩሆ ይሞክረው። ፂም ጭንብሉ ፊት ላይ የሚገጥምበት ቦታ ካለ አየር ያስገባል፣ ስለዚህ ይላጭ። ከእሳት የመጣ ልብስ ወደ መኝታና ወደ ወጥ ቤት አይግባ፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2022 ይህን ሥራ ራሱን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የአንገት ቆቡን (ከጭንብሉ ጋር ራስና አንገት የሚሸፍነውን) በየእሳቱ ይቀይር፤ ሁለተኛ ቆብ ካልሰጡት ይጠይቅ።

በዓልን በተመለከተ ሐበሻ ትልቅ መደራደሪያ አለው። በ24/48 ዲሴምበር 25 ተረኛ የሆነው ሺፍት ጃንዋሪ 6ም ተረኛ ነው፤ ቀጣዩ ሺፍት ደግሞ ጃንዋሪ 7 ይገባል። ወንድምሽ በሁለተኛው ከሆነ ዲሴምበር 25 ተረኛ የሆነ ባለ ልጆች አባት ይፈልግ፦ እሱ የፈረንጁን ገና ይሥራለት፣ ሰውየው የኛን። ደስ ብሎት ነው የሚፈርመው። ወንድምሽ በመጀመሪያው ከሆነ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ የሚያመልጠው የዋዜማው ሌሊት ቅዳሴ ነው፣ ስለዚህ መለወጥ ያለበት 6ን ነው።

ሺፍት_ቢ

እሱ ላይ አንድ ልጨምር፦ በሦስት ሺፍት አሠራር የሌላውን ቀን የሠራ ሰው ምንጊዜም ከራሱ ቀን ጋር ይገጥምና 48 ሰዓት ይሆንበታል። ዲፓርትመንቱ በተከታታይ ስንት ሰዓት እንደሚፈቅድ ይይ። ልውውጡ በገዛ ፈቃድና በአለቃ ፊርማ ከሆነ ሰዓቱ የሚቆጠረው ለዋናው ባለ ሺፍት ነው፤ የተካው ሰው በዚህ ኦቨርታይም አያገኝም። ውለታውን የሚመልስበት ቀን በጽሑፍ ይሁን። የተካው ሰው ቢቀር ደግሞ ብዙ ቦታ ተጠያቂው የተስማማው ተኪ ነው፤ ደንቡን ያንብብ።

እህተሚካኤል

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደብዳቤውን ይዤ እንደገና አነባለሁ። አንድ የቀረችኝ፦ ሜሪላንድ ውስጥ በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ቆይቷል፤ ከተቀጠረ በኋላ መቀጠል ይችላል?

የበጀት_ሰው

በራሱ አሠሪ ዘንድ ያንኑ ሥራ በነፃ መሥራት አይችልም፣ ፌደራሉ ሕግ ይከለክላል። ሌላ ካውንቲ ከሆነና ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች የተለያዩ ከሆኑ ሕጉ አይከለክለውም። ነገር ግን የደመወዝ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች በሚቀላቀሉበት አካባቢ ዩኒየኑ ይህን በክፉ ዓይን የሚያይበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ዲፓርትመንቱም የውጭ ሥራ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ከመፈረሙ በፊት ሁለቱንም ይጠይቅ፤ እዚያ ጉልበቱ ቢጎዳ ሕክምናውንና የቀረበትን ደሞዝ ማን እንደሚከፍል ደግሞ ከበጎ ፈቃደኞቹ ማኅበር በጽሑፍ ይቀበል።