ለደረቀ ዓይን የትኛው ጠብታ ይሻላል?

ዓይናቸው አሸዋ የገባበት ያህል ለሚቆረቁራቸው፣ ለሚያቃጥላቸው ወይም ያለ ምክንያት እንባ ለሚያቀርርባቸው የማቀርበው ጥቆማ፣ ከምርቱ ስም አስቀድመው በካርቶኑ ላይ የተዘረዘረውን ይዘት እንዲያነቡ ነው።

ድርቀቱ ቀላል ከሆነና ጠብታው በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ የተባለ አርጣቢ ንጥረ ነገር 0.5 በመቶ ያለው ሪፍሬሽ ቲርስ የተባለው ጠብታ ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ ቀጠን ያለ በመሆኑ እይታን እምብዛም አያደበዝዝም፣ ይሁን እንጂ እርጥበቱ ብዙ አይቆይም። ሲስቴን አልትራ ደግሞ ዓይን ውስጥ ሲገባ ወፈር ስለሚል የበለጠ ይቆያል፤ ለጥቂት ጊዜ ብዥ ማድረጉ ግን አይቀርም።

በቀን ከአራት ጊዜ በላይ ለሚጠቀም ሰው ዋናው ጉዳይ የመከላከያ ኬሚካሉ ነው። በብዙ ጠርሙሶች ውስጥ ጀርም እንዳይራባ የሚጨመረው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ፣ ሲደጋገም ሊያድነው የታሰበውን የዓይን ገጽ ራሱን ይጎዳል፤ ለስላሳ ኮንታክት ሌንስም ይመጠዋል። ስለዚህ ከኬሚካሉ ነጻ የሆነውን መምረጥ ይገባል። አንዴ ተከፍተው የሚጣሉት ትንንሽ ብልቃጦች ለዚህ ይሆናሉ፤ እኔ ግን ሶዲየም ሃያሉሮኔት የተባለ አርጣቢ ንጥረ ነገር የያዘውን ሃይሎ-ኮሞድን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም ጠርሙሱ አየር ወደ ውስጥ እንዳይገባ ተደርጎ ስለተሠራ ያለ መከላከያ ኬሚካል ከተከፈተ በኋላ እስከ 6 ወር ያገለግላል። ጄልና ቅባት እይታን ስለሚጋርዱ ለመኝታ ሰዓት ቢተዉ ይሻላል።

ቴትራሃይድሮዞሊን ያለባቸውን «ቅላት አጥፊ» ጠብታዎች ለድርቀት አልመክርም። የደም ሥሮችን አጥብበው ዓይንን ለጊዜው ያነጡታል እንጂ አያረጥቡትም፤ ሲዘወተሩም ቅላቱ ብሶ ይመለሳል።

አጠቃቀሙም ከምርጫው አያንስም። እጅን ታጥቦ፣ ቀና ብሎ፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣት ወደ ታች ሳብ በማድረግ በሚፈጠረው ኪስ ውስጥ አንድ ጠብታ ብቻ ማኖር ይበቃል፤ ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ከመፍሰስ ያለፈ ጥቅም የለውም። የጠርሙሱ አፍ ዓይንንም ሆነ ሽፋሽፍትን መንካት የለበትም። ሌላ የዓይን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሁለቱ መካከል ቢያንስ 5 ደቂቃ ይጠብቅ፤ ቅባት ካለም መጨረሻ ላይ ይደረግ። ሕመም፣ የእይታ መቀነስ ወይም ብርሃን መፍራት ከታየ ግን ጠብታ ከመቀያየር ይልቅ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።