ችሎት ሳይደርሱ ለሚቀሩ ሰዎች፦ የዕድሮቻችን የጋራ ጥያቄ ረቂቅ

የኅብረቱ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሑድ ጃንተከል ዋርካ አጠገብ ስንገናኝ የጀመርነውን እዚህ እንጨርሰው። ለከተማ አስተዳደሩና ለፍርድ ቤቱ የምናስገባው የዕድሮች ኅብረታችን የጥያቄ ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ «በጎንደር ከተማ የፍትሕ ተደራሽነት እንዲሻሻል እንጠይቃለን» ይላል። የየዕድሩ ተወካይ የመሰለውን ይጻፍ።

የአዘዞ ተወካይ፦
ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ ይቺ አረፍተ ነገር ማንንም አታስጨንቅም። ተቀብለው ማህደር ውስጥ ያስቀምጧታል። ያየነውን እንጻፍ።

ባለፈው ወር ጎረቤቴን ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ሰባ ዓመት ያልፋቸዋል። በሟች ባለቤታቸው ስም ያለው የቤት ካርታ ወደ እሳቸውና ወደ ልጆቻቸው እንዲዞር ነው የሚፈልጉት። ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን ደግሞ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነው የሚይዙት። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ «የወራሽነት ማስረጃ አምጪ» አላቸው። አንቺ ብሎ። ውጭ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄድን፣ ከፍለው ተጻፈላቸው። ፍርድ ቤት ስንደርስ ማመልከቻው የተጻፈው ለመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ለፍርድ ቤት አይሆንም ተባለ። እንደገና ከፈሉ። የሆነው ሆኖ ማስረጃው ተገኘ። ይዘን ስንመለስ «ማህደሩ አልተገኘም፣ ሌላ ቀን ተመለሺ» ሆነ። አራት ጊዜ በባጃጅ ተመላልሰናል።

እኔን ያንገበገበኝ አንድ ነገር ነው። ማህደሩ የለም የሚለውን ማንም በወረቀት አልሰጣቸውም። ወረቀት ከሌለ ደግሞ የት ሄደው አቤት ይላሉ?

የሕግ ተማሪው፦
ጋሼ፣ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው ያለው። በ2012 የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 መሥሪያ ቤት ለውሳኔው ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ግን የሚሠራው ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ነው። የከተማችን ቀበሌና ክፍለ ከተማ በሱ አይገደዱም። ስለዚህ «አዋጁ ያዛል» ብለን ብንጽፍ በቀላሉ ይመልሱልናል። «ከተማችን ይህንኑ አሠራር በራሷ መመሪያ ትጀምር» ብንል ይሻላል። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 37 ደግሞ ከላይ እናስቀምጠው። ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው የሚለው ነው።

ከፍርድ ቤት ሬጅስትራር (መዝገብ) ክፍል ጡረታ የወጡ አባል፦
ልጄ በደንብ አስቀመጥከው። እኔ አንድ ልጨምር። የዳኝነት ክፍያ የሚከፍለው አጥቶ ክሱን የሚተወው ሰው ብዙ ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በደሃ ደንብ መክሰስን ይፈቅዳል። አቅም የሌለው ሰው ንብረቱን ዘርዝሮ ያመለክታል፣ ፍርድ ቤቱ አጣርቶ ሳያስከፍል ክሱን ይቀበለዋል። ይህ ከስልሳ ዓመት በላይ የቆየ ሕግ ነው! ሰዉ ግን አያውቀውም። እኔ ስሠራ ጠይቆ የሚመጣው በጠበቃ የተመከረ ሰው ነበር፣ ማለት ጠበቃ መቅጠር የቻለ። ምን ዋጋ አለው? መዝገብ መክፈቻው በር ላይ፣ በትልቁ፣ በቀላል አማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችል ደግሞ የሚነግረው ሰው ይቀመጥ።

የቅዳሜ ገበያ ተወካይ፦
የሚቀመጠው ሰው ደመወዙን ማን ይከፍለዋል? ኅብረቱ አቅም የለውም፣ እንተዋወቃለን።

የሕግ ተማሪው፦
የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። እኛ ጠረጴዛ፣ ወንበርና ሰው የሚያደርስ አባል እናቅርብ፣ እነሱ ባለሙያ እንዲመድቡ በዚሁ ደብዳቤ እንጠይቅ። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል ለመጀመሪያ።

የቅዳሜ ገበያ ተወካይ፦
እሺ፣ እንደሱ ከሆነ ተስማምቻለሁ። ግን ሽማግሌዎችስ? አብዛኛው ጠብ በዕድር ሽማግሌ ቢያልቅ ፍርድ ቤቱም ይቀለው ነበር። «ጉዳዮች በቅድሚያ ለሽማግሌ ይቅረቡ» የሚል ይግባ።

የሴቶች ዕድር ተወካይ፦
ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የድንበርና የብድር ጠብ ከሆነ እሰየው። የተደበደበች ሴት ግን «ሽማግሌ ይየው» ሲባል ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ስኳርና ቡና ይመጣል፣ ይቅር በይ ትባላለች፣ በሳምንቱ ያው ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በባህል ወይም በሃይማኖት የሚዳኘው ባለጉዳዮቹ ሲፈቅዱ ነው ይላል። «በቅድሚያ» የምትለው ቃል ከገባች የእኔ ዕድር አይፈርምም።

ጡረታ የወጡት አባል፦
እውነቷን ነው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይሉ የለ። ቃሏ ትውጣ። «ሁለቱም ወገን በፈቃዳቸው ከመረጡ» ተብሎ ይጻፍ፣ ድብደባና ወንጀል ከዚያ ውጭ ይሁን።

የቅዳሜ ገበያ ተወካይ፦
ተቀብያለሁ። በዚያ በኩል አላየሁትም ነበር እህቴ።

የሕግ ተማሪው፦
የመሥሪያ ቤቶችን የአስተዳደር በደል የሚያየውን እንባ ጠባቂ ተቋምንም እንጥቀስ። አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀበላል፣ በቃልም ቢሆን። በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ግን አያይም። የማህደር መጥፋት ዓይነቱን ወደዚያ መላክ ይቻላል፣ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ሰው ይህን ለይቶ ማወቅ አለበት።

የኅብረቱ ጸሐፊ፦
እንግዲህ የመጀመሪያዋ አረፍተ ነገር ወጥታለች። አሁን እንዲህ ሆኗል፦ «ባለጉዳይ ጥያቄው ሲከለከል ወይም ማህደሩ ሲጠፋ ምክንያቱና ቀኑ ያለበት፣ የተፈረመ ወረቀት በዕለቱ ይሰጠው። የደሃ ደንብ ማስታወቂያ መዝገብ መክፈቻው ላይ ይለጠፍ። በሳምንት ሁለት ቀን ለሚቆም የነጻ ምክር ጠረጴዛ ቦታ ይፈቀድልን።» ሽማግሌን የሚመለከተው ጡረታ የወጡት አባላችን ባሉት ቃል ይገባል። ረቡዕ ማታ ንጹሑን እልካለሁ። ጋሼ የአዘዞ፣ የጎረቤትዎን ታሪክ በምሳሌነት ለማስገባት ፈቃዳቸውን ይጠይቁልን።

የአዘዞ ተወካይ፦
ጠይቄያቸዋለሁ። «ስሜ ይቅር እንጂ ነገሩን ጻፉት» ብለዋል። ማክሰኞ ጠዋት እንደገና እንሄዳለን። ማህደሩ የለም ካሉን እዚያው ቆመን በወረቀት እንዲሰጡን እጠይቃለሁ፣ የሚሉንን እጽፍላችኋለሁ።