ያልታደሰች የ1967 ኤም ጂ ቢ፦ ገዝቼ ቀለም ላስቀባት ወይስ እንዳለች ልያዛት?

የአሌክሳንድሪያው፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ከቤቴ የሁለት ሰዓት መንገድ በሚርቅ የገጠር ከተማ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራች፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ ባለ ሁለት ወንበር ኤም ጂ ቢ የተባለች የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ለሽያጭ አቅርበው ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ አየኋት። ሰውየው መኪናዋን ከመደብር አዲስ የገዟት ራሳቸው ሲሆኑ፣ የግዢውን ደረሰኝ ጨምሮ እስከ ዛሬ ያወጡባትን ወጪ ሁሉ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅመው ይዘዋል። ታድሳ አታውቅም። የፋብሪካው ነጭ ቀለም በኮፈኑ ጠርዝና በበሮቹ እጀታ ዙሪያ ከመወልወል ብዛት ሳስቶ ከሥሩ ያለው የመሠረት ቀለም ይታያል፤ የሾፌሩ ወንበር ቆዳ በስፌቱ በኩል ተሰነጣጥቋል፤ የሸራው የኋላ መስኮትም ቢጫ ሆኗል። ሞተሩ ግን በሁለተኛው ሙከራ ተነሥቷል። የሚጠይቁት 16,500 ዶላር ነው።

በዚያው ሳምንት የዚያው ዓመት ምርት የሆነች፣ ሙሉ በሙሉ ታድሳለች የተባለች፣ ቀይ ቀለሟ እንደ መስተዋት የሚያበራ ሌላ ኤም ጂ ቢ በ18,000 ዶላር አገኘሁ። ባለቤቴ የሁለቱን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን አይታ፣ በ1,500 ዶላር ልዩነት ለምን የተላጠችውን እንደምመርጥ ሊገባት አልቻለም። እኔም ብሆን ሐሳቤ ነጯን ገዝቼ ቀለም ማስቀባትና ወንበሮቿን ማሰፋት ነበር፤ አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስዋገናቸውን ሊሸጡ ሲያስቡ መጀመሪያ ያደረጉት ቀለም ቀቢ ዘንድ መውሰድ ነበርና ሌላ መንገድ አላውቅም። ሻጩ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ፣ ምክንያቱን ግን አልተናገሩም። የትኛዋን ልግዛ? ነጯን ከገዛሁስ ቀለሟን መንካት አለብኝ ወይስ የለብኝም? ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ስትጠግባት ወደ አገር ቤት ትልክልኛለህ እያለ ነው፤ ይቻል እንደሆነም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ሶማሌ ተራ ያደግሁት፦

ወንድሜ፣ ሙያውን የጀመርኩት ሶማሌ ተራ ከአሮጌ መለዋወጫ ጋር እየታገልኩ ሲሆን፣ ላለፉት ብዙ ዓመታት ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ የእንግሊዝ መኪናዎችን እጠግናለሁ። ሻጩ ፊታቸው የተለዋወጠበትን ምክንያት ልንገርዎት።

አዲስ አበባ ላይ ቀለም ማስቀባት ዋጋ የሚጨምረው መኪና የሥራ ዕቃ ስለሆነ ነው። ገዢው የሚያሰላው ገና ስንት ዓመት እንደምታገለግለው ነውና አዲስ ቀለም የእንክብካቤ ምልክት ሆኖ ይታየዋል። እዚህ ያለው የኤም ጂ ቢ ገዢ የሚፈልገው ሌላ ነው። ይህች መኪና እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዟ አቢንግደን ከተማ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለችና ብርቅ አይደለችም፤ ከ1988 ጀምሮ እንኳ ሙሉ ቦዲዋ እንደገና እየተመረተ ተሸጧል። ገንዘብ ያለው ሰው አዲስ የምትመስል ኤም ጂ ቢ በፈለገ ጊዜ ማሠራት ይችላል። ከ1967 ወዲህ ማንም ያልቀባትን፣ ማንም ያልበየዳትን ግን በየትኛውም ጋራዥ ማሠራት አይቻልም። አንድ ጊዜ ከተቀባች ደግሞ መቶ ጊዜ ከተቀባችው ጋር እኩል ትሆናለች።

ሌላው ቁም ነገር አሮጌ ቀለም ምንም የማይደብቅ መሆኑ ነው። ነጯ ላይ ዝገት ካለ ይታይዎታል፤ ቀይዋ ላይ ግን ከሚያበራው ቀለም ሥር ላሜራ ይኑር ስቱኮ (ቀዳዳና ጉድጓድ የሚሞላበት ልጥፍ) በዓይን ማወቅ አይችሉም። የቀይዋን ባለቤት ስትታደስ የተነሡ ፎቶግራፎችን ይጠይቋቸው። ብየዳው ሲሠራ የተነሣ አንድም ፎቶግራፍ ከሌላቸው እኔ ብሆን አልገዛትም።

አሁን ወደ ምርመራው። ይህች መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ የብረት ጣሪያም ስለሌላት አካሏን አጽንቶ የሚይዘው ከበሮቹ ሥር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደው የላሜራ ሳጥን ነው። እኔ ደፍ እለዋለሁ። ደፉ ከውጭ ሲያዩት አንድ ሉህ ቢመስልም ውስጡ ሦስት ላሜራ ተደራርቦ የተበየደ ነው፤ ውኃና ጭቃ ከፊት ፓራፋንጎ በኩል ገብቶ እዚያ ይተኛና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ሰነፍ ጠጋኝ የውጭውን ሉህ ብቻ ይለውጥና ቀለም ይቀባበታል። ስለዚህ በቀጭን ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይዘው ይሂዱና ደፉን፣ የፊት ፓራፋንጎውን የታችኛውን ጫፍ፣ ከበሩ በስተኋላ ያለውን ማእዘን እየዳሰሱ ይለፉ፤ ማግኔቱ የሚለቅበት ቦታ ስቱኮ አለ ማለት ነው። ኮፈኑ ላይ ግን ማግኔቱ ጭራሽ ባይዝ እንዳይደነግጡ፤ በዚያ ዘመን ኮፈኑ የሚሠራው ከአሉሚኒየም ነበርና አለመያዙ እንዲያውም ኮፈኑ የጥንቱ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ቀጥሎ በሩን ዘግተው በበሩ ጠርዝ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ይመልከቱ። ከዚያ ክሪኩን በትክክለኛው የማንሻ ቦታ አስገብተው አንዱን ጎን ከፍ ያድርጉና በሩን ከፍተው ይዝጉት። ደፉ ጤነኛ ከሆነ በሩ መሬት ላይ እንደነበረው ቀጭ ብሎ ይዘጋል፤ ደፉ ከተበላ መኪናዋ መሀል ላይ ስለምትታጠፍ በሩ ይነክሳል። የበሰበሰ ደፍ በአግባቡ ለማሠራት ፓራፋንጎው ከታች ተቆርጦ፣ መኪናዋ ከሥር ተደግፋ መበየድ ስላለባት የሚጠይቅዎት ገንዘብ በሁለቱ መኪናዎች መካከል ካለው የዋጋ ልዩነት በብዙ ይበልጣል።

ከወንበሮቹ ኋላ ያለውን ምንጣፍ ገልጠው ክዳኑን ይክፈቱ። ባትሪው አንድ ሳይሆን ሁለት ባለ 6 ቮልት ሲሆን፣ የሚቀመጡባቸው ሳጥኖች ከአሲዱና ከመንገዱ ውኃ የተነሣ ቶሎ ይበሳሉ። እንደ ዛሬ መኪናዎች ኔጋቲቩ ሳይሆን የባትሪው ፖዘቲቭ ከመኪናዋ አካል ጋር የሚታሰርባት የመጨረሻዋ ዓመት ምርት ስለሆነች፣ ከሌላ መኪና በገመድ ኤሌክትሪክ ሊሰጣት ለሚመጣ ጎረቤት ይህን ሳይነግሩት እንዳይፈቅዱለት።

ሞተሩ 1,798 ሲሲ፣ 95 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ የከባድ ሥራ ጠባይ ያለው ብረት ነው፤ ብዙም አያስፈራም። ከሞቀ በኋላ በጉዞ ላይ የዘይት ግፊቱ በስኩዌር ኢንች ከ50 እስከ 80 ፓውንድ ካሳየ እሰየው ነው። ቁልፉን ሲያዞሩ ከኋላ ቀጭ ቀጭ የሚለው የነዳጅ ፓምፑ ነው፤ ካርቡሬተሮቹ ሲሞሉ ዝም ማለት አለበት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ማንኳኳቱን ከቀጠለ አንድ ቦታ ያፈሳል ወይም ታንከሩ ባዶ ነው። አንደኛ ማርሽ ሲንክሮ (ማርሹ ሳይጮኽ እንዲገባ የሚያደርገው ክፍል) የለውም፤ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ሳትቆም ሊያስገቡት ቢሞክሩ ይጮኻል፣ ይህም ጉድለት አይደለም።

ሁለት ወንበር፦

እኔ የምጽፈው የሠራሁትን ስሕተት ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጠያቂውን የምትመስል፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከመጀመሪያ ባለቤቷ እጅ የገዛኋት የ1966 ኤም ጂ ቢ ነበረችኝ። ክረምቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ እየተቀመጥኩ ሳያት ጭረቶቿ ብቻ ይታዩኝ ጀመር። ቀለም ቀቢው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ በእርሱ አላማርርም። ነገር ግን ለመቀባት ሲፈታ የበሩ ጎማዎች ተቀደዱ፤ አዲሶቹ ጎማዎች ወፍራም ስለሆኑ በሮቹ እንደ ቀድሞው መዝጋት እምቢ አሉ፤ አዲሱ ቀለም አሮጌዎቹን ወንበሮች አሳፈራቸውና እነርሱንም አስለወጥኩ፤ ከዚያ ምንጣፉ፣ ከዚያ ሸራው ተከተለ። በመጨረሻ ስሸጣት ገዢው የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ "የጥንቱ ቀለም ነው?" የሚል ነበር። ያወጣሁትን ግማሽ እንኳ አልመለሰችልኝም።

የቆዳውን ስንጥቅ በተመለከተ ከውስጥ በኩል ጨርቅ አስለጥፈው ይያዙት፤ ቅባትም በልኩ ይስጡት። አዲስ ቆዳ ማሰፋት ከፈለጉ የጥንቱን አውልቀው አይጣሉት፣ ጠቅልለው ያስቀምጡት። ሌላው ደግሞ፣ ለጥቂት ክፍያ የፋብሪካውን መዝገብ ቅጂ ማግኘት ይቻላል፤ በእንግሊዝ ጌይደን የሚገኘው የብሪታኒያ የመኪና ኢንዱስትሪ ቅርስ ተቋም የሻንሲ ቁጥሯን ተመልክቶ መቼ እንደተሠራች፣ ቀለሟ ምን እንደነበረ፣ የሞተር ቁጥሯንና ወደ የትኛው አገር እንደተላከች የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ቁጥሩ "ጂ ኤች ኤን 3" ብሎ የሚጀምርና ወዲያው "ኤል" የሚከተለው ከሆነ መሪዋ ከፋብሪካው በግራ በኩል ሆኖ የወጣ መሆኑን ያመለክታል።

ቀስ ብሎ ነጂ፦

ወንድሞቼ የተናገሩትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር አድበስብሰው ያለፉ ይመስለኛል። ያልታደሰች መኪና ለማየት እንጂ ለመንዳት ሁልጊዜ የተመቸች አይደለችም። የዚህች መኪና የፍሬን መሥመር አንድ ብቻ ነው፤ አንዱ ያረጀ የፍሬን ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጣሉ። ስለዚህ ቀለሟን እንዳይነኩ እየመከርን ሳለ የፍሬን ቱቦዎቿን፣ የነዳጅ ቱቦዎቿንና ጎማዎቿንም እንደ ቅርስ እንዲጠብቁ ማድረግ የለብንም፤ እነዚህ ሳይውሉ ሳያድሩ መለወጥ አለባቸው። የዛሬው ቤንዚን ኤታኖል ስለሚቀላቀልበት የዚያን ዘመን የነዳጅ ቱቦ ያላላል። ጎማውን በተመለከተ ጥርሱን ሳይሆን ጎኑ ላይ የተጻፈውን የምርት ቁጥር ይመልከቱ፤ ቁጥሩ አራት አኃዝ ሳይሆን ሦስት አኃዝ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠራ ነው።

በቨርጂኒያ ከ25 ዓመት በላይ ለሆናት መኪና የጥንታዊ መኪና ሰሌዳ ማውጣት ይቻላል፤ ለዘወትር የሚነዱት ሌላ መኪና ሊኖርዎት ይገባል፣ ዓመታዊ የደኅንነት ምርመራም አይጠየቁም። ምርመራ አለመኖሩ ለእኔ የምሥራች አይደለም፤ ፍሬኗን የሚያይልዎት ሌላ ሰው የለም ማለት ነውና። ኢንሹራንሱን ደግሞ አስቀድሞ በተስማማችሁበት ዋጋ ይግቡ፤ ተራው ኢንሹራንስ መኪናዋ ብትጎዳ የሚያስባት እንደ አሮጌ ዕቃ ነው።

ለታላቅ ወንድምዎ የሚነግሩት መጥፎ ዜና ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ሊያያት ከፈለገ ቪዛ ያውጣ።

የአሌክሳንድሪያው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማግኔትና የእጅ ባትሪ ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። ቀይዋን አስቀድሜ ትቻታለሁ፤ የብየዳ ፎቶግራፍ ስጠይቃቸው ባለቤቱ ሌላ ገዢ እንዳላቸው ነግረውኝ ስልኩን ዘጉት።

የነጯን ደፎች በሁለቱም በኩል ስንዝር በስንዝር ዳሰስኩ፤ ማግኔቱ ከዳር እስከ ዳር ያዘ። በግራው የፊት ፓራፋንጎ ታችኛ ጫፍ ላይ ግን መዳፍ በሚያህል ቦታ ለቀቀኝ። ለሻጩ ስነግራቸው አልተቆጡም፤ ወደ ቤት ገብተው የብስኩት ቆርቆሯቸውን አመጡና ከመሀሉ እ.ኤ.አ. የ1974 ደረሰኝ አወጡ። የራሳቸውን የአጥር ግንድ ወደ ኋላ ሲመለሱ ገጭተውት ኖሯል፤ የተከፈለው 38 ዶላር ነው። አጠገቤ ተንበርክከው የቀለሙን ልዩነት በጣታቸው ሲያሳዩኝ፣ ያን ቦታ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እያዩት እንደኖሩ ገባኝ። በክሪክ ሳነሣት የሾፌሩ በር መሬት ላይ እንደነበረው ተዘጋ። ከባትሪ ሳጥኖቹ አንዱ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። የጎማዎቹ ቁጥር ሦስት አኃዝ ነው። በእነዚህ ምክንያቶች በ15,200 ዶላር ተስማምተናል፤ የፊታችን ቅዳሜ በጫኝ መኪና አመጣታለሁ። ባለቤቴ እስካሁን እንደተላጠች ነው የምታስባት። የቀረኝ ጥያቄ ያችን መዳፍ የምታህል ቦታ ማስተካከል ይገባኛል ወይ የሚለው ነው።

ሶማሌ ተራ ያደግሁት፦

ማግኔቱ የለቀቀው እዚያ ብቻ ከሆነና ዙሪያው ካልፈነዳ አይንኩት፤ ደረሰኙን ግን ከመኪናዋ ጋር መረከብዎን አይርሱ፣ የቆርቆሮውን ሙሉ ወረቀት ይጠይቁ። የባትሪውን ሳጥን ያመጡልኝና ያለ ብዙ ብየዳ እናየዋለን። እስከዚያው ሸራውን በብርድ እንዳያጥፉት፤ ቢጫ የሆነው የኋላ መስኮት ሲቀዘቅዝ እንደ ብስኩት ይሰበራል። ፀሐይ ላይ ግማሽ ሰዓት ያቁሟትና መስኮቱ በእጅ ሲነኩት ሲለሰልስ፣ በመካከሉ ንጹሕ ፎጣ አድርገው ቀስ ብለው ያጥፉት።