በይርጋ ጨፌ የቡና ማሳ አጠገብ አልሞንድ፣ ፒስታቺዮ ወይስ ማካዳሚያ?

ጥያቄ፦ ይርጋ ጨፌ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ የቤተሰብ ቡና ማሳ አለን። ከቡናው ጋር ፍሬው ለገበያ የሚሆን ዛፍ ለመትከል ስላሰብን፣ አሜሪካ ያለው ወንድሜ የአልሞንድና የፒስታቺዮ (እንደ ለውዝ የሚበሉ የዛፍ ፍሬዎች) ዘር ልላክላችሁ ይላል። በዚህ አየር ያፈራሉን?

የአትክልት ባለሙያ፦ ባይልኩ ይሻላል። ኢራን፣ ቱርክና ካሊፎርኒያ ፒስታቺዮ የሚያመርቱት ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ የሚያርፍበት የብርድ ወቅት ስላላቸው ነው፤ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች 1,000 ሰዓት ገደማ ካላሳለፈ እንቡጡ በወጉ አይፈነዳም። የእናንተ ሌሊት ቢቀዘቅዝም ቀኑ መልሶ ይሞቃል። አልሞንድ የሚሻው ብርድ ያነሰ ቢሆንም ለዚያ አየር አይሆንም። ከሱቅ የተገዛ የተቆላ ፍሬ ደግሞ ጭራሹን አይበቅልም።

ኬንያ የሠራ የቡና ገበሬ፦ እንደ ለውዝ የሚበላ ፍሬ የሚሰጠውን ማካዳሚያን ይሞክሩ። ትውልዱ የምሥራቅ አውስትራሊያ ዝናባማ ደን ነው፤ የብርድ ዕረፍት አይፈልግም፣ ብርቱ ውርጭ ግን ይጎዳዋል። በኬንያ ተራራ ግርጌ በኤምቡ፣ በሜሩና በኪሪንያጋ ከቡና ጋር ተተክሎ አይቻለሁ። ከመትከልዎ በፊት ግን ገዢ ያፈላልጉ፤ ቅርፊቱ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ያለ መፈልፈያ መሣሪያ ብዙ ፍሬ ማዘጋጀት አይቻልም።

የቆላ ገበሬ፦ ካሹ የተባለውን ፍሬ ያሰባችሁ እንደሆነም ለእናንተ ከፍታ አይሆንም። ፖርቱጋሎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከብራዚል በሕንድ ወዳለችው ጎዋና ወደ ሞዛምቢክ ያሻገሩት የሞቃት ቆላ ዛፍ ነው፤ የቅርፊቱ ዘይትም ቆዳ ያቃጥላል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ማካዳሚያውን ከዘር ላፍላ ወይስ ችግኝ ልግዛ? ለቡናው የምንጨምረው የዳፕ ማዳበሪያ ይስማማዋልን?

የአትክልት ባለሙያ፦ የተዳቀለ (ከተመረጠ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ የተጣበቀበት) ችግኝ ይግዙ፤ ከ4 እስከ 5 ዓመት ውስጥ ማፍራት ሲጀምር ከዘር የበቀለው 7 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያስጠብቅዎ ይችላል። ሁለት የተለያዩ ዝርያዎችን ቢያቀላቅሉ ፍሬው ይበረክታል፤ በዛፎቹ መካከልም 8 ሜትር ያህል ይተዉ፣ አለበለዚያ ጥላው ቡናውን ያፍነዋል። ዳፕ ግን ፎስፈረስ ስለሚበዛበት ከሥሩ ይራቅ፤ ይህ ዛፍ ፎስፈረስ ከድሃ አፈር ለመልቀም የተፈጠሩ ጥቃቅን የሥር ዘለላዎች ስላሉት ሲበዛበት ይጎዳል። ብስባሽና ጉዝጓዝ ይበቃዋል። ችግኙ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ በሽታ ይዞ እንዳይገባ የዕፀዋት ኳራንቲን ፈቃድ አስቀድመው ያውጡ።