ስልኬ 8 ዲግሪ ይላል፣ ሜዳው ግን በአመዳይ ነጭቶ አደረ (ሱሉልታ)

የሱሉልታዋ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ማታ 1 ሰዓት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ሜዳው ላይ። ሩብ ሄክታር የማትሞላ መሬት ተከራይቼ ድንች፣ ቆስጣና ሰላጣ አለኝ። ውሃ ከወንዝ በሞተር እየሳብኩ ነው የማጠጣው። ድንቹ ጉደኔ ነው፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ተተከለ፤ አሁን ሊያብብ ነው። ቆስጣውንና ሰላጣውን ለጾመ ነቢያት ገበያ ነው ያሰብኩት። ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል፣ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

ትናንት ማታ ከመተኛቴ በፊት ስልኬን አየሁ። የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት 8 ዲግሪ ይላል። 8 ዲግሪ ብርድ ነው እንጂ ውርጭ አይደለም ብዬ ተኛሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስወጣ ሜዳው ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። የቆስጣው ቅጠል ዳር ዳሩን ነጭ ሆኗል፤ በጣቴ ስነካው እንደ ስኳር ተንኮሻኮሸ። ለጥጃዋ ውሃ ያስቀመጥኩበት ሳፋ ስስ በረዶ ይዟል። ልጄ በሁለት እጁ አነሳውና ፀሐይዋን እያየበት «እማ፣ መስታወት!» አለኝ። እሱ ደስ ብሎታል። እኔ ወደ ድንቹ ሮጥኩ።

ጠዋት ላይ ድንቹ ደህና ነበር የሚመስለው። ቅጠሉ ድርቅ ብሎ ቆሟል። 3 ሰዓት ሆኖ ፀሐይ ሲመታው ግን ከወንዙ ጠርዝ ያሉት አራት መስመሮች ተልፈሰፈሱ፣ የተቀቀለ ጎመን መሰሉ። አሁን ማታ ጫፋቸው ጠቁሯል። ከላይ በአጥሩ በኩል ያሉት መስመሮች ምንም አልሆኑም። መሃላቸው 40 እርምጃ እንኳን አይሆንም!

እና እባካችሁ የሚያውቅ ይንገረኝ። ስልኩ ለምን 8 አለኝ? በሚቀጥሉት ቀናት ሌሊቱ እንዴት ነው የሚሆነው? የተመታውን ድንች ነቅዬ ልጣለው ወይስ ልተወው? ጎረቤቶች ጭስ አጭሺበት ይሉኛል። ዓርብ የኅዳር ሚካኤል ነው፣ ያን ቀን ለማንኛውም ሰፈሩ ሁሉ ይታጠናል፤ ጭሱ ለድንቹም ይሆናል የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ከአጥሬ ማዶ ያሉት ጎረቤቴ ድርቆሽ አጭደው ገና አላሰሩትም፣ ሜዳው ላይ ተዘርግቷል። እኔ ደመና እንዲመጣልኝ ስመኝ እሳቸው እንዳይመጣ ይለምናሉ። ዛሬ ሰላም ስንባባል ሁለታችንም የምናየው ሰማይ ሰማዩን ነው።

ጡረተኛው ታዛቢ
ማክሰኞ፣ ማታ 2 ሰዓት ተኩል

ልጄ፣ እኔ ብዙ ዓመት የሜትሮሎጂ ጣቢያ ታዛቢ ነበርኩ። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ሳጥኑን ከፍቼ የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት አነብ ነበር። ስለዚህ ከስልኩ ልጀምር።

ስልኩ አልዋሸሽም። የነገረሽ ግን ስለ ሌላ ቦታ ነው። «አዲስ አበባ» ካለሽ ቦሌን አስቢ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ነው፣ ከ2,500 ሜትር በላይ። መቶ ሜትር በወጣሽ ቁጥር ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ይሄ አንዱ ነው።

ዋናው ግን የሚለካበት ቦታ ነው። ቴርሞሜትሩ ያለው ነጭ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው፣ ከመሬት ከሰው ቁመት ባልራቀ ከፍታ። ድንችሽ ያለው መሬት ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ሣሩ ላይ ያለው ከሳጥኑ በ3 እስከ 5 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ሳጥኑ 4 ሲል ሣሩ ከዜሮ በታች የሚሆንበት ሌሊት አለ። ይህን በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው።

ሌላው፣ የእናንተ ሜዳ ዙሪያውን ኮረብታ ያለው ገበታ ነው። ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል። እንደ ውሃ ከዳገቱ እየተንሸራተተ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይተኛል። ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ታውቂዋለሽ አይደል? በጋ ላይ ብርዱ የሚተኛው እዚያው ነው። አራቱ መስመሮችሽ የተመቱት ለዚህ ነው።

ስለሚመጡት ቀናት። አሁን የያዘን የበጋው ደረቅ አየር ነው፣ ከሰሜን ምሥራቅ የሚገባው። መሬት ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። ደመና ካለ እንደ ጋቢ ይይዝላታል፤ ከሌለ ራቁቷን ታድራለች። ዛሬና ነገ ማታ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ስለዚህ ውርጭ ጠብቂ። ሐሙስ ማታም ከዚያ ብዙ አይሻልም። ዓርብ ከቀትር በኋላ ግን ከምሥራቅ ደመና የሚገባ ይመስላል። የሳተላይቱን ምስል አይቼ ነው፤ ቀኑ ሲቀርብ ደግሜ እነግርሻለሁ። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአስር ቀኑ የሚያወጣውን መግለጫም ተከታተዪ፣ በበጋ ስለ ውርጭ ያነሳል። እሱ ግን ለሰፊ አካባቢ የሚነገር ነው። ለማሳሽ ታዛቢዋ አንቺ ነሽ።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ውጪና ሦስት ነገር እዪ። የባሕር ዛፉ ቅጠል ይነቃነቃል ወይስ ጸጥ ብሏል? ከዋክብቱ ጥርት ብለው ወጥተዋል? የጎጆው ጭስ ወደ ላይ ይወጣል ወይስ ሜዳው ላይ ይዘረጋል? ቅጠሉ ጸጥ ካለ፣ ከዋክብቱ ጥርት ካሉና ጭሱ ከተዘረጋ በጊዜ አልብሺው። ከሁሉ የሚከፋው ሰዓት ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነውና እኩለ ሌሊት ላይ አይተሽ ደህና ነው ብለሽ አትዘናጊ።

የሰንዳፋ ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 3 ሰዓት

አባታችን፣ ዓርብ ደመና ሲሉ ልቤ ደነገጠ። እኛ ጋ ጤፉ ታጭዷል፣ ገና ነዶው ማሳ ላይ ነው ያለው። የታጨደ ጤፍ ዝናብ ካገኘው ፍሬው ይረግፋል፣ ይጠቁራል፣ ገበያ ላይ ዋጋው ሌላ ነው። ዝናብ አለው ወይስ ባዶ ደመና ነው?

ጭሱን በተመለከተ አባቴ ባቄላው ሲያብብ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ኩበትና እርጥብ ጭድ ያጨስ ነበር። እኛም ልጆች ሆነን አብረነው እንነሳለን። የዳነበትም ዓመት አለ፣ ያልዳነበትም አለ።

ጡረተኛው ታዛቢ
ማክሰኞ፣ ማታ 3 ሰዓት ተኩል

የሰንዳፋው፣ ካፊያ ሊኖረው ይችላል፣ ብዙ ግን አይመስለኝም። አንተ ዓርብን አትጠብቅ። ሐሙስ ሙሉ ቀን ደረቅ ነው። ነዶውን ሰብስብና ከምር፣ ከላይ ሸራ ይኑረው።

ስለ ጭሱ፣ አባትህ አልተሳሳቱም፣ የረዳቸው ግን እሳቱ ነው። ጭስ የመሬትን ሙቀት እንደ ደመና አይዝም። ማሳው ውስጥ ተበታትነው የሚነዱ ትንንሽ እሳቶች አየሩን ትንሽ ያሞቁታል፣ ያነቃንቁታልም። አንድ ትልቅ እሳት ግን ሙቀቱን ይዞ ሽቅብ ይነጉዳል፣ ለሰብሉ ምንም አይተርፈውም። የኅዳሩ መታጠን ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሰው ሲጨርስ የመጣ ልማድ ነው፣ ለውርጭ የተደረገ አይደለም። ልጄ፣ ትንሽ ልጅ አለሽ፤ ፕላስቲክ ከቆሻሻው ጋር እንዳታቃጥዪ።

ከሆለታ
ረቡዕ፣ ኅዳር 10፣ ጠዋት 1 ሰዓት

እህቴ፣ እኔ ግብርና ላይ ነው የምሠራው። ስለ ተከሉ ልንገርሽ።

ቆስጣና ጎመን አያስጨንቁሽ። ቀላል ውርጭ ይችላሉ። በረዶው ሳይሟሟ ግን አትቁረጫቸው፣ በእጅሽም አትንኪያቸው። 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ቅጠሉ ራሱን ሲመልስ ነው የሚቆረጠው። ሰላጣው ትንሽ ስስ ነው፣ አልብሺው። ድንቹ ነው ችግሩ፤ ከዜሮ በታች አንድ ሁለት ዲግሪ ሲወርድ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ይሆንና ይገድለዋል።

የተመታውን አትንቀዪ! ግንዱን በጥፍርሽ ትንሽ ፋቂው። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ከታች እንደገና ያቆጠቁጣል። የጠቆረውንም ለአሁን አትቁረጪው፣ ለታችኛው ልብስ ይሆነዋል። ምርቱ ይዘገያል፣ ይቀንሳልም፣ ግን ባዶ እጅሽን አትቀሪም። ሥሩን ኮትኩተሽ አፈር አልብሺው።

በሽታ መሆኑንም አጣሪ። የውርጭ ጉዳት በአንድ ሌሊት ከላይ ጀምሮ ሁሉንም እኩል ይመታል። በሽታው ግን እዚህም እዚያም ነጠብጣብ እየሆነ ነው የሚጀምረው፣ እርጥበት ሲኖር ከቅጠሉ ሥር ነጭ ሻጋታ ታያለሽ። የአንቺ እንደነገርሽን ከሆነ ውርጭ ነው።

ዛሬ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ አጠጪ። እርጥብ አፈር የቀኑን ፀሐይ ከደረቅ አፈር የበለጠ ይይዛል፣ ሌሊት ቀስ እያለ ይለቀዋል። ማታ ግን ቅጠል ላይ ውሃ እንዳትረጪ። ለማልበስ የማዳበሪያ ጆንያ ቀደሽ ስፊ፣ ወይ የድሮ አንሶላ። ችካል ተክለሽ ከፍ አድርጊው፣ ቅጠሉን አይንካ። ዳሩ መሬት ድረስ ይውረድ፤ የሚያሞቀው ከመሬቱ የሚወጣው ነውና። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ አንሺለት።

የሱሉልታዋ
ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ጠዋት 2 ሰዓት

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ትናንት እንዳላችሁኝ አጠጣሁ፣ ከሰዓት በኋላ ከእህቴ ጋር ጆንያ ስንሰፋ ዋልን። 31 ጆንያ ነው። ሰላጣውንና ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ያለውን የድንች መስመር አለበስን። ሁለት ቴርሞሜትርም አስገዛሁ።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ወጥቼ አየሁ። ቅጠል የሚባል አይነቃነቅም። የጎረቤቴ ጭስ ከጣሪያው ወጥቶ ወደ ወንዙ ተኛ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በረንዳው 4 ዲግሪ ነበር። ሜዳው ላይ፣ መስመሩ መሃል ያስቀመጥኩት ከዜሮ በታች 1። አንዱን ጆንያ ገለጥ አድርጌ ከሥሩ ሳስገባው ቆይቶ 2 ላይ ቆመ። ስልኬ አሁንም 8 ነው የሚለው።

አባቴ፣ ዓርብን እንዴት ያዩታል? ጎረቤቴ እርስዎን ጠይቂልኝ ብለውኛል። ድርቆሹን የሚያስሩላቸው ሰዎች ቅዳሜ ነው የምንመጣው ብለዋቸዋል።

ጡረተኛው ታዛቢ
ሐሙስ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ቅዳሜን አይጠብቁ በያቸው። ደመናው እየቀረበ ነው። ባይታሰርም ይከመር። የተከመረ ድርቆሽ ካፊያ ቢያገኘው ላዩ ብቻ ነው የሚነካው።

መዝገብ ያዢ ልጄ። ቀኑን፣ የበረንዳውን፣ የመስመሩን። ወር ሳይሞላ በረንዳሽ ስንት ሲል ድንችሽ እንደሚመታ በራስሽ ታውቂያለሽ።

የሱሉልታዋ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ ማታ 1 ሰዓት

ዛሬ ነው መጻፍ የቻልኩት። ሐሙስ ሙሉ ቀን ከጎረቤቴ ጋር ድርቆሽ ስንከምር ነበር፣ ልጆቻቸውም የእኔም እህትም። እሳቸው ደግሞ ማታ መጥተው ጆንያውን አብረውኝ ዘረጉ።

ዓርብ ጠዋት የሆነውን ግን መንገር አለብኝ። ሌሊቱ ከበፊቱ ትንሽ ይሻል ነበር፣ በረንዳው 5፣ መስመሩ ዜሮ። በማለዳ ሰፈሩ መታጠን ጀመረ። ከየደጁ ጭስ ተነሳ። ከአጥሩ ቆሜ ሳይ ጭሱ ወደ ላይ አልወጣም። ቁልቁል ወረደና ከወንዙ ዳር ተኛ፣ ቁመቱ ከጉልበቴ አይበልጥም። ላዩ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ልሙጥ ነው። አራቱን የተመቱ መስመሮች ሸፈነ፣ አምስተኛውን ግማሹን ያዘና እዚያው ቆመ። ስድስተኛው ጥርት ብሎ ይታያል። ብርዱ ራሱን ያየሁት መሰለኝ። ሮጬ ጭሱ ያቆመበት ቦታ ላይ ችካል ተከልኩ፣ ከዳር እስከ ዳር ሰባት ችካል።

ደመናው ዓርብ 8 ሰዓት ላይ ገባ። 10 ሰዓት ላይ አካፋ፣ አፈሩን እንኳን በደንብ አላራሰም። ድርቆሹ ደህና ነው። ትናንት ማታ በረንዳው 9፣ መስመሩ 7 ነበር።

የአራቱን መስመሮች ግንድ በጥፍሬ ፋቅኳቸው። ሦስቱ አረንጓዴ ናቸው። የመጨረሻው፣ ለወንዙ የቀረበው፣ ውስጡ ቡኒ ሆኗል፤ እሱን ተውኩት። ነገ ከታች ቆስጣውን እቆርጣለሁ፣ ሰኞ ጾሙ ሲገባ ገበያ ይደርሳል። ከችካሎቹ በታች ከእንግዲህ በኅዳር ድንች አልተክልም፣ ጎመን ነው የማደርገው።

አባቴ፣ ደመናው እስከ መቼ ይቆያል? የሰንዳፋው ወንድሜስ፣ ጤፉ እንዴት ሆነ?

የሰንዳፋ ልጅ
ቅዳሜ፣ ማታ 2 ሰዓት

ሐሙስ ማታ 4 ሰዓት ድረስ በባትሪ ስንከምር ነበር። ሸራ አልበቃ ብሎን የአልጋ ላይ ፕላስቲክ ሳይቀር አወጣን። ካፊያው ሸራው ላይ ቀረ። ነዶው ደረቅ ነው፣ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ አይቻለሁ።

ጡረተኛው ታዛቢ
ቅዳሜ፣ ማታ 2 ሰዓት ተኩል

ደመናው ነገ እሁድ ይሳሳል። ሰኞ ማታ ሰማዩ ይጠራል። ጆንያዎቹን በደረቁ አጣጥፈሽ በረንዳው ላይ አስቀምጪያቸው ልጄ፣ ሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ታወጫቸዋለሽ።